ክሮም የለቀቀው የአባባ መኪና

መሥሪያ ቤታችን አዲስ የቀጠራት የጽዳት ሠራተኛ በረኪና ላይ እጇ አይሰስትም። ጠዋት ደረጃውን ስወጣ ሽታው ገና ከታች ይቀበለኛል። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው "ኧረ ይቺ ልጅ ልትፈጀን ነው!" እያሉ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ጆሮዬ ይግላል። ሌላው ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል ይባላል፤ እኔን የሚያጋልጠኝ ጆሮዬ ነው። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ በረኪና በሸተተኝ ቁጥር በአንድ ቄስ እጅ ላይ ውሃ የማፈስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆንና አንገቴን ደፍቼ ወደ ቢሮዬ እገባለሁ።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ደጀኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአሰብ ወደብ ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዳገት በጉም ውስጥ እየዳበሰ የሚወጣ፣ ከተማችን ሲደርስ ደግሞ ጥሩምባውን ሁለቴ ነፍቶ እኛን ልጆቹን ከነእንቅልፋችን በር ላይ የሚያሰልፍ። በሰፈራችን ሹፌር ማለት ትልቅ ሰው ነበር፤ ከቆላ ብርቱካኑን፣ ከወደብ ሳሙናውን የሚያመጣ። ወገቡ ታሞ ሐኪሙ "ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ" ሲለው ግን ትልቅነቱንም ከመኪናው ቁልፍ ጋር ያስረከበ ይመስል በማግስቱ ቤት የሚውል ሰው ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ቀጥሮት የነበረው ድርጅት መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣት። አባባ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ እማዬ ወገቡን አሞት ነው አለችን።

ከአልጋው ሥር ከአሰብ መርከበኞች የገዛቸው፣ ለዓመታት ማንም ያልከፈታቸው ካርቶኖች ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት በአንድ የክረምት ቀን አወጣቸው። ውስጣቸው ያለው መኪና ሳይሆን መኪና የሚሆን ነገር ነበር፤ በቀጭን ፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ፣ አንዳንዶቹ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ መለዋወጫዎች፣ እየተነቀሉ በማስቲሽ ሲጣበቁ ክንድ የሚያህል የአሜሪካ ተሳቢ የሚወጣቸው። የፊት መከላከያው ፓራውልት፣ የጎማው ቸርኬ፣ የኋላ ማሳያው ስፔኪዮ፣ ከጋቢናው ኋላ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የጭስ ማውጫ ማርሚታ፣ ሁሉም መስታወት የመሰለ ክሮም የተቀቡ ነበሩ። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። አባባ ግን ክሮሙን ገና ሲያየው ጠላው። "እንዲህ ያለ ሙሽራ መኪና ጣርማ በር ላይ አይቼ አላውቅም" አለና፣ የሚሠራው የአሜሪካኖቹን ሳይሆን የራሱን መኪና፣ ያቺን የተሸጠችውን መሆኑን ነገረኝ። ከእሷ ጋር የተነሣው አንድም ፎቶ አልነበረውም።

ክሮም እንዴት እንደሚለቅ የሚያስተምረው ሰው ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ጋራዥ እንደለመደው ቲነር ውስጥ ነከረው፤ ፓራውልቱ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ክሮሙ የመብራቱን ቅርጽ ይዞት ጠፋ። በመጨረሻ እማዬ ልብስ ልታነጣ በረኪና ስትበጠብጥ አየና፣ ዘወር ስትል አንዲት ስፔኪዮ ጣል አደረገባት። እኛ ምሳ በልተን ስንነሣ ክሮሙ ድራሹ ጠፍቶ ተራ ፕላስቲክ ሆና ጠበቀችው። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በረኪና የእማዬ መሆኑ ቀረ። ከክሮሙ ሥር የሚቀረውን ቢጫ ቅብ በአልኮል ያብሰዋል፣ በሳሙና ያጥበዋል፣ ከዚያ እያንዳንዷን ዕቃ የመጥረጊያ ጭራሮ ጫፍ ላይ አጣብቆ ጭራሮውን ጥሬ ድንች ላይ ይሰካዋል። ጓዳችን ጃርት የመሰሉ ድንቾች ተደረደሩባት። እማዬ ለወጥ ብላ እጇን ስትሰድ አንዱን ጃርት ከነስፔኪዮው ታነሣና "ወይኔ ሰውዬው!" ትላለች።

ቀለሙን ከጋራዥ፣ ከጣሳ ሥር የተረፈውን ለምኖ ያመጣ ነበር። ያቺን ለምታህል ዕቃ የሚሆን ብሩሽ ግን ስላልተገኘ ከሹሩባዬ ጫፍ ትንሽ ጸጉር በመቀስ ቆርጦ ስክሪፕቶ ቀፎ ላይ በክር አሰረው። እኔ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ "ትንፋሽሽን ያዢ፣ ሚጡ" ሲለኝ እይዛለሁ፤ የበሩን እጀታ በራሴ ጸጉር ቀብቶ ሲጨርስ "በይ ተንፍሺ" ይለኛል። ጋቢናዋን አረንጓዴ አደረጋት። የፓራውልቷን ግራ ጫፍ በጋለ መርፌ አጎበጠው፤ ደብረ ሲና ላይ በሬ ስገጭ የጎበጠችው ናት አለኝ። ጎማዎቹ አጠገብ ደግሞ ቡናማ ቀለም በጣቱ እየነካካ ጭቃ ቀባላት፤ የቱ ጭቃ የየት አገር እንደሆነ ሳይቀር ይነግረኝ ነበር።

ይሄ ሁሉ ለእኔ ደስታ፣ ለቤቱ ግን ውርደት ነበር። አንድ ሁለት ጎረቤት በመስኮት አየውና ወሬው ሰፈሩን ዞረው፤ ደጀኔ ከልጆች ጋር መኪና መኪና ይጫወታል ተባለ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ነካ አድርጎታል ተባለ። "ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት" እያሉ በደጃችን የሚያልፉ ነበሩ። እማዬ ሰው ሲመጣ የጓዳውን በር ዘግታ "ተኝቷል፣ ወገቡን አሞት ነው" ትላለች፤ መታመም ከመጫወት ይሻላላ! ነገሩ ሳቅ ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ፣ ታላቅ እህቴን ሙሉን ለልጃቸው ያጯት ቤተሰቦች አባቷ እንዲህ ነው ሲባል ሰምተው በዚያው ቀሩ። እብደት በዘር ይወርዳል ይባላል፤ ማን ደፍሮ ይግባ? ሙሉ ቁልቁል እያየች መሄድ ጀመረች፤ አባባን እያየች ማውራትም ተወች።

በሚቀጥለው ዓመት ከአንኮበር የአንድ ቄስ ልጅ ወደዳት። አስተማሪ ነበር፤ ሙሉም ወዳዋለች። ሽማግሌ ላኩ። መጀመሪያ የመጡ ዕለት በወጉ መሠረት ቆመው ተናግረው፣ "ዘመድ እንማከር፣ ተመለሱ" ተብለው ሄዱ። ለሁለተኛው ቀን እማዬ ቤቱን ገለባበጠችው፤ ድንቾቹን ሁሉ ከነጭራሯቸው ማዳበሪያ ውስጥ ከታ ከአልጋ ሥር ወረወረቻቸው፤ አባባን ጺሙን አስላጭታ፣ ኮት አልብሳ፣ "ዛሬ እንኳ ስለ መኪና ትንፍሽ እንዳትል፣ በሞቴ" አለችው። "እሺ" አላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ መሪያቸው የሙሽራው አጎት መምሬ ጥላሁን አዲስ ጥቁር ካባ ደርበዋል፤ ቀጥሎ ጫጫ ከተማ ወፍጮ ቤት ያላቸው ቀልደኛው አቶ ማሞ፤ ሦስተኛው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አባባ "ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ፤ ተሳሳሙ፤ ተቀመጡ። ሙሉ ከመጋረጃው ኋላ ጨብጣ የያዘችው እጄ ዛሬም የሚያመኝ ይመስለኛል። እማዬ "የእንግዳ ማስታጠቢያውን!" አለችኝ። ጆጉን ጓዳ መስኮት ላይ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ውሃ ተሞልቶ አገኘሁት። ሰው አዘጋጅቶ ያቆየው መስሎኝ ደስ አለኝ። አባባ ረጃጅሞቹን ማርሚታዎች የሚውጥለት ሌላ ዕቃ አጥቶ በረኪናውን እሱ ውስጥ በጥብጦት፣ ማርሚታዎቹን አውጥቶ ውሃውን መድፋት መርሳቱን በምን ልወቅ? ቤታችን ሁሌም በረኪና በረኪና ስለሚሸት አፍንጫዬም ምንም አልነገረኝ።

ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ለመምሬ አፈሰስኩ። ከውሃው ጋር የምስር ፍሬ የምታህል ስፔኪዮ መዳፋቸው ላይ ዱብ አለች። መምሬ ዓይናቸው ደከም ያለ ነበር፤ ጠጠር መሰለቻቸውና በጨዋነት ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። አባባ ግን አያት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ብድግ አለና "ኧረ ውሃው ቀዝቃዛ ነው! በደብረ ብርሃን ብርድ በእንግዳ እጅ አይቀለድም፤ ሂጂ ሞቅ ያለ ከምድጃው አምጪ፣ በሳሙና ድገሚያቸው!" አለ። አቶ ማሞ "ሁለቴ የሚያስታጥብ ቤት ዛሬ ገና አየሁ፤ ከባለጸጋ ነው የተጋባነው" ብለው አድናቆታቸውን ገለጹ። ሁሉም በሳሙና ታጠቡ፤ እጃቸው ተረፈ። መምሬ ግን ፎጣ ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ሁለት ሦስቴ የማራገፍ ልማድ ነበራቸው፤ ያም የሆነው ገና በመጀመሪያው ውሃ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። መምሬ እየጎረሱ የሙሽራውን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ፣ ደረታቸው ላይ አንድ ነጥብ ብቅ አለ። ቀላ ያለ፣ የሸክላ ቀለም ያለው። ቅድመ አያቱ ዘንድ ሲደርሱ ሁለተኛው መጣ። የአንኮበርን አድባራት ሲያነሡ ካባው ከአንገት እስከ ጉልበት ነብር ሆኗል። እማዬ አየች፣ አባባ አየ፣ እኔ አየሁ። በመጨረሻ መምሬ ራሳቸው ጎንበስ ሲሉ አዩትና ሐረጉን አቋርጠው፣ "ይሄ ካባ ከቤት ስወጣ ጥቁር ነበር" አሉ።

እማዬ ፈጠን ብላ "ይቺ የተረገመች ልጅ ናት፣ መምሬ! የልብስ ውሃ..." ስትል አባባ እጁን አነሣ። "ልጅቷ ምን ታድርግ? የኔ ጣጣ ነው" አለና ወደ ጓዳ ገባ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ተመልሶ ሲመጣ አረንጓዴዋን መኪና እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፏት ነበር። ክሮም በበረኪና እንደሚለቅ፣ ውሃውን ጆጉ ውስጥ የረሳው እሱ መሆኑን አስረዳ፤ ይቅርታም ጠየቀ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ግን መምሬ ጠጋ ብለው ሲያዩለት ጊዜ ልቡ ሞቀና ያለበትን ረሳ። ይህች የጎበጠችው ደብረ ሲና ላይ ነው፣ ይሄ ጭቃ የሚሌ ነው፣ ይቺ በር ስትዘጋ ትንሽ ማንሣት ትፈልግ ነበር እያለ፣ ጓዳ ውስጥ ለእኔ ብቻ በሚያወራበት ድምፅ ቀጠለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አጪዎች የቀሩት እንዲህ ባለ ጸጥታ ነው። መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ያዳኑን አቶ ማሞ ናቸው። "እሰይ ደጀኔ!" አሉ ጉልበታቸውን መታ አድርገው፣ "የልጅ ልጅ ሳይወለድ መጫወቻውን ሠርተህ ጠበቅከው እንጂ!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መምሬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ እማዬ ሳቀች፣ ሙሉ ከመጋረጃው ኋላ ሳቀች። እኔ፣ ትንፋሼን ይዤ ስትቀባ ያየኋት እኔ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። አባባ መጀመሪያ አልገባውም፤ ዞር ዞር ብሎ አየን። ከዚያ እሱም ሳቀና "ምን ይደረግ፣ ለእሱ ብዬ ነው" አለ፣ መኪናዋንም በኮቱ ጫፍ ሸፈናት።

ሰርጉ ሆነ። ካባውን እማዬ ጥቁር ቀለም አስነክራ መለሰችላቸው። አባባ በማግስቱ ጆጉን በአመድ ፈግፍጎ መደርደሪያው ላይ መለሰ፤ ቀለሙን ደፋ፤ ብሩሿን የት እንዳደረጋት አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንደ እኩዮቹ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ እየሞቀ መዋል ጀመረ። ሰፈሩ "ደጀኔ ሰው ሆነ" አለ፤ እኛም ተመስገን አልን። ቤታችን በረኪና በረኪና መሽተት ሲተው ደስ ብሎኝ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሙሉ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር አባባ መኪናዋን ራሱ ከሣጥን አውጥቶ፣ ጋቢናዋ ላይ ሲባጎ አስሮ ሰጠው። ሕፃኑ ግቢውን ሙሉ በድንጋዩ ላይ ጎተታት፤ ስፔኪዮዋ ሄደ፣ ማርሚታዋ ሄደ፣ በሩ ተገነጠለ። ማናችንም ተው አላልነውም፤ መጫወቻ ነዋ። አባባ ከመቀመጫው የተነሣው ልጁ ጎማዋን ነቅሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ብቻ ነው። "ቀለሙ እንዳይጎዳው" ብሎ ጎማዋን ተቀበለው፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋትና መልሶ ሰጠው።

አባባ ያረፈ ጊዜ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ የታዘዝኩት የተማርሽ ነሽ ተብዬ እኔ ነበርኩ። የተወለደበትን፣ ያገባበትን፣ "በሹፌርነት ሙያ አገራቸውን አገልግለዋል" የሚለውን ጻፍኩ። ቀጥዬ፣ ይነዷት የነበረችውን መኪና ከነጭቃዋ በእጃቸው ሠርተው ነበር፣ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሏቸው አያውቅም ብዬ ጨመርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወረቀቱን ለአንባቢው ልሰጥ ስል ግን የተሰበሰበውን ሕዝብ ቀና ብዬ አየሁት። ሰው ይስቃል ብዬ ሰረዝኩት።