የእትዬ ናም ኮቴ

ኚየን ሲጨነቅ ጥፍሩን አይበላም፣ ሰውም አይቆጣም፤ ቀለም ይበጠብጣል። ቴአትራችን ሊከፈት በቀረው ሳምንት የበጠበጠው ቀለም የከተማችንን የሳ ዴክን ገበያ ከነጀልባዎቹ ለመቀባት ይበቃ ነበር። እኔ ኡት የቴአትር ቡድኑ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ደግሞ የመድረኩ ሠዓሊ ነውና በአንድ ክፍል ነው የምንሠራው። ሽታው ራሴን ቢያዞረኝም ቻልኩት፤ እኔም እንደሱ ተጨንቄ ነበር የሰነበትኩት።

ጣጣውን ያመጣው ራሱ ነው። «የጄኔራሉ ሚስት» አያቶቻችንም እያለቀሱ ያዩት ቴአትር ነው። ባሏ ጦርነት ይሄዳል፤ ሃያ ዓመት ትጠብቀዋለች፤ በሦስተኛው ክፍል ይመለሳል። እኛ ሁልጊዜ በቤተ መንግሥት ነበር የምንሠራው፤ ወርቅ ዘንዶ የተጠለፈበት ካባ፣ ጀርባው ላይ ባንዲራ የተሰካበት ጄኔራል፣ ቀያይ ምሰሶ። ነገር ግን ሰዉ ቤቱ ተኝቶ ቪዲዮ ማየት ለመደና አዳራሹ ጭር አለ። የቡድኑ ኃላፊ ጋሽ ቢው ምን ይሻላል ብለው ሲሰበስቡን፣ በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ኚየን ተነሣ። ታሪኩን ከቤተ መንግሥት እናውጣውና ፈረንሳዮች አገራችንን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ ወንዛችን ዳር፣ አንድ ባላባት ቤት ውስጥ እናድርገው አለ። ጄኔራሉም ፈረንሳዮች በመርከብ ጭነው ለጦርነት የወሰዱት ባል ይሁን አለ። ጋሽ ቢው ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱለት፤ ካልተሳካ ግን ብሩሽህን አስቀምጠህ ትሄዳለህ አሉት። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

የኚየን ሐሳብ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ድምፅ ላይ ነበር። ባልየው ተመልሶ ጨለማ በረንዳ ላይ ይቆማል። ሚስቱን ገና አላያትም። ከውስጥ የእንጨት ሸበጥ ኮቴ ሲመጣ ይሰማል፤ እሷ መሆኗንም በኮቴዋ ያውቃል።

«እናቴ ከገበያ ስትመለስ ገና ድልድዩ ላይ ሳለች በኮቴዋ ነበር የምንለያት» አለን ኚየን። «በዚያ በቤተ መንግሥት ጫማ ማን ማንን ይሰማል?»

ሚስቲቱን የሚጫወቱት እትዬ ናም ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የያዙትን ቦታ እስከ ዛሬ ለማንም አልለቀቁም። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው እናውቃለን፤ የትኛው ጉልበት እንደሆነ ግን አይናገሩም፣ የሚጠይቃቸውም የለም። መድረክ ላይ ምንም አይታይባቸውም። ኚየን አናጺውን ካለህ እንጨት ሁሉ ቀላሉን ተጠቀም ያለው ለሳቸው ብሎ ነው። ቴአትሩ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ሸበጦቹ መጡ። ራሱ ቀይ ቀባቸው፤ አበባም ሣለባቸው። በልምምዱ ላይ በሁለት እጁ ሲያቀርብላቸው እትዬ ናም ተቀበሉ፣ መዘን መዘን አደረጉ፣ ገልብጠው ያልተቀባውን ሆዱን አዩ።

«ይሄ ምን እንጨት ነው?»

«ቮንግ ነው፣ እትዬ ናም» አለ ኚየን ደስ እያለው። «ጉልበትዎን እንዳይከብድ ብዬ ነው።»

ከመድረኩ ጀርባ በመንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ የምንሰግድለት የጥበባችን አባት ምስል የተቀረጸው ከቮንግ ነው። የሱ እንጨት እግር ስር አይገባም፤ በዚህ ሙያ ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኚየን ግን የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ቆይቶ የመጣ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ለመንበሩ ዶሮ አቀረበ፤ ምስሉን ሁለት ጊዜ በእጁ ቀለም አደሰ፤ ከምን እንደተሠራ ግን አልጠየቀም። እኛም የሚያውቅ መስሎን አልነገርነውም።

«የአባቴን ራስ ልታስረግጠኝ ነው?» አሉ እትዬ ናም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሸበጦቹን ወስደው ከምስሉ አጠገብ በክብር አስቀመጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ኚየን በማግስቱ ከኮኮናት ግንድ የተሠራ ሌላ አመጣ። ድምፁ ግሩም ነበር፤ ክብደቱ ግን አይጣል ነው። እትዬ ናም ሦስት ጊዜ ረግጠው ተቀመጡ። ያኔ እኔ ተናደድኩ። ድምፁን ተወው፣ በጨርቅ ጫማቸው ይውጡ፣ እንጀራህን ለኮቴ ብለህ ልታጣ ነው ወይ አልኩት።

«ኮቴው ከሌለ ባልየው በምን ያውቃታል?» ሲል መለሰልኝ።

በመጨረሻ ያመጣው መላ ይህ ነበር፦ እትዬ ናም በጨርቅ ጫማቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ የኮኮናቱን ሸበጥ በእጁ አጥልቆ እርምጃቸውን ሳንቃ ላይ ይመታል። የጨርቁ ጫማ እንዳይታይ የሱሪያቸውን ጫፍ አራት ጣት እንዳስረዝም ነገረኝ። እትዬ ናም ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ።

«በኔ ፋንታ አንተ ልትረግጥ? እሺ። ግን አልለማመድልህም፤ እንደ ልማዴ ነው የምሄደው። አንዲት ኮቴ ተሳስታ ሰው ቢስቅብኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ብታደርገኝ፣ ልብሱን እዚያው አውልቄ ቤቴ ነው የምገባው። ተመልሼም አልመጣም።»

ጋሽ ቢው በሩ ላይ ቆመው የኚየንን ብሩሾች ያዩ ነበር።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሞላ፤ ይህም ጭንቀቱን አባሰው። መጋረጃው ተገልጦ የባላባቱ ቤት ሲታይ ማጉረምረም ተጀመረ። ካባው የታለ፣ ዘንዶው የታለ ይላሉ። ባልየው ተራ ኮት ለብሶ ሲወጣ አንዱ ከኋላ «ጄኔራሉ ባንዲራውን ሸጦ በላው እንዴ?» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኚየን ሸበጦቹን በእጁ አጥልቆ ከመጋረጃው ጀርባ አጠገቤ ተንበርክኳል።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። ኚየን እግራቸውን ለማየት በመጋረጃው ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ አዘጋጅቶ ነበር። ዓይኑን አስጠግቶ አየና ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያስረዘምኩት ሱሪ ወለሉን እየጠረገ ነው፤ እግር የሚባል ነገር አይታይም። አራት ጣት አስረዝሚ ያለኝ እሱ ነው፤ ለክቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም አላሰብነውም።

ኚየን ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ መድረኩ ጣለ።

ቀኙን መታ፣ ቀለል አድርጎ። ከዚያ ግራውን፣ ትንሽ ዘግየትና ጫን አድርጎ። እንደገና ቀኝ። እንደገና የዘገየው ግራ። እኔ በቀዳዳው ትከሻቸውን አያለሁ፤ ትከሻቸውና ድምፁ አንድ ሰው ናቸው። መካከል ላይ ሲደርሱ እትዬ ናም በሠላሳ ሰባት ዓመት ቆመው በማያውቁበት ቦታ ቆሙ። የኚየን እጅም አየር ላይ ቀረ። ከዚያ እሳቸው ተንቀሳቀሱ፣ እሱም መታ። ባልየው መዞር ከሚገባው ሁለት ኮቴ ቀድሞ ዞረ፤ ተዋናዩ ራሱ መቁጠሩን ረስቶት ነው። አዳራሹ ውስጥ እንደ ልማዱ ዘር እየፈለፈለ የሚበላ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ከፊት የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ «መጣች» ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ሰማኋት።

ሲያበቃ ሰዉ ገና እያጨበጨበ እትዬ ናም ወደ እኛ መጡ። ኚየን እንደተንበረከከ ነው።

«የሚያመኝ ግራው መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉት።

«ማንም አልነገረኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ስሰማዎት ነው የኖርኩት።»

«ባሌ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ እስኪሞት ድረስ አላወቀውም» አሉ እትዬ ናም። ከዚያ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ እኔ ልደግፋቸው ብል እንቢ ብለው፣ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የኚየን ጣቶች አብጠው ሸበጡ አልወጣ ብሎ ነበር። አንድ በአንድ እሳቸው አወለቁለት።