ሰንጢ አዳማጩ

ጆሮው ይሉታል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም አጥቶ አይደለም፤ የብረታ ብረት ተራው ሰው ያን ስም ከረሳው ስለቆየ ነው። እዚያ ተራ ሰንጢ ገዢና ሰንጢ ሻጭ ሲከራከሩ ይቆዩና፣ ሁለቱም ሲደክማቸው “በል ጆሮው ጋ እንሂድ” ይባባላሉ። እሱ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመሳያ ድንጋዩ ኋላ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ሰንጢውን ተቀብሎ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል። ከዚያ የተጠራውን ዋጋ ይጠይቅና አንድ ቃል ይናገራል፤ “ይገባዋል” ወይም “በዝቶበታል”። ይግባኝ የለም። ለዳኝነቱ አይከፈለውም፤ እንጀራው ቢላና መቀስ መሳል ነው።

ነገሩ ቀላል ነው ይላል። ስለቱን የሚይዘው ሞላ ጥሩ የሆነለት ሰንጢ ሲከፈት ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ሞላው የላላ ከሆነ ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰንጢ አንድ ቀን በባለቤቱ ጣት ላይ መታጠፉ አይቀርም። የእጀታው ማማርና የስለቱ ማብረቅረቅ የሻጭ ወሬ ነው፤ ብረት ግን ሲጠይቁት አይዋሽም። ይህን ሲናገር ለሚሰማው ሰው ልክ ይመስላል። ሚስቱ ግን በሰማችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ አንድ ጊዜ ብረት እንደዋሸው፣ ያውም በገዛ ወንድሙ ጉዳይ፣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ታናሽ ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነበር። ሞረድ አያያዝ ያስተማረውም እሱ ነው። ታናሽየው ግራኝ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ሲሠሩ ክርናቸው አይነካካም ነበር። ሲጎለምስ ግን የሰው ቢላ መሳል ሰለቸውና የራሱን ሰንጢ መሥራት አማረው። ዝናቡ ሳያባራ በከረመበት ወቅት የኋላ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ አንድ ሰንጢ ሠራ። ወዲያው ገዢ አገኘና ደፈር ያለ ዋጋ ጠራ። ገዢውም እንደ ደንቡ ሰንጢውን ይዞ ጆሮው ጋ መጣ።

የተራው ሽማግሌዎች የሥጋ ዘመድህን ሥራ አትዳኝ፣ ሌላ ሰው ይየው ብለው መክረውት ነበር። እሱ እምቢ አለ። ለወንድሙ አዳላ መባልን ከሞት አብልጦ ይፈራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ላለማዳላት ሲል መበደሉ አይቀርም። ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ድምፁ የታፈነ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት “በዝቶበታል” አለ። ይህ አልበቃ ብሎት “ሞላው ላልቷል” ብሎ ጨመረበት።

ታናሽየው አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋው። ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱንና ዕቃውን ጭኖ ከከተማው ጠፋ። ጆሮው ወር ያህል ሰንጢውን ላለማየት ፊቱን ሲያዞር ቆይቶ አንድ ቀን አነሣው። የእጀታውን ውስጥ በስንጥር ሲጭረው ወፍራም ግሪስ ወጣ። ወንድሙ በዚያ እርጥበት ብረቱ እንዳይዝግበት ብሎ ጠቅጥቆበት ኖሯል። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ ከፈተው። ቀጭ አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ያኔ ወደ ተራው ወጥቶ ተሳስቻለሁ ቢል ምን ነበረበት! ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ዓይነት ሰው ነው። ለሚስቱ ብቻ ነገራት፣ ሌላውን ሆድ ይፍጀው አለ። ከዚያ ወዲህ የመጣለትን ሰንጢ ሁሉ ሳያጥብ አይሰማም፤ ሰዉም ሽማግሌው ንጽሕና አበዛ ብሎ ይስቃል። ደግሞ ሰንጢ ባየ ቁጥር ከየት እንደተገዛ፣ ማን እንደሸጠው፣ ሻጩ በየትኛው እጁ እንደሚሠራ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሚስቱ ሰንጢ እንደ ደብዳቤ ነው የምትከፍተው ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው ደብዳቤ ነበር። ወንድሙ ይናፍቀዋል። ከድንጋዩ ኋላ ሲቀመጥ እስከ ዛሬ የግራውን ጎን ለቀቅ ያደርጋል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር መጣ፤ ከሞተሩ ይልቅ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አንድ ተሳፋሪ ሰንጢውን ሽጥልኝ ብሎ አላስቀምጥ ስላለው፣ ስንት ብጠራ ይገባኛል ብሎ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ጆሮው ሰንጢውን አጠበ፣ አደረቀ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ከፈተው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈተው። ጣቱን እጀታውን ወደያዘው ምስማር አናት ሰደደ፤ የመዶሻው ምት ያዘመመው በግራ እጅ እንደተመታ ነበር።

“ማነው የሸጠልህ?” አለ፣ ድምፁን እንደ ምንም አረጋግቶ።

ሹፌሩ ለወሬ ማን ብሎት! ከሁለት ዓመት በፊት ከመስመሩ መጨረሻ፣ ከመናኸሪያው ደጃፍ ከሚቀመጥ አንድ ሰውዬ እንደገዛው ነገረው። ሰውዬው ዋጋ አልቀንስም ብሎ ድርቅ አለ። ከዚህ ከተማ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው አሉ፤ እናንተ ዘንድ ጆሮው የሚባል ዳኛ አለ፣ ውሰድና አሰማው፣ በዝቶበታል ካለ ገንዘብህን እመልሳለሁ።

“ታዲያ ለምን አላመጣኸውም?”

“ማን ጊዜ አለው ጋሼ? በሳምንቱ ስመለስ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ‘ምን አለ?’ ብሎ ያዘኝ። እኔም ‘በዝቶበታል አለ’ አልኩት።” ሹፌሩ ሳቀ። “እመኑኝ፣ ገንዘቤን አንድ ሳያጎድል መለሰልኝ። ሰንጢውን እንካ ብለው ደግሞ አልቀበልም አለ። እንዲህ ያለ የዋህ የት ይገኛል?”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሽማግሌው በስሙ ሁለተኛ ፍርድ እንደተሰጠ የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በቀልድ መልክ ነው።

“ሌላ ምንም አላለም?”

“‘አጥቦ ነው የሰማው?’ አለኝ። እኔ ምን አውቄ፣ አዎ አልኩት።”

ሽማግሌው ሰንጢውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ወንድሙ የግሪሱን ነገር ያኔውኑ ያውቅ ኖሯል። አውቆ ዝም ያለው፣ ታላቁን በሰው ፊት ላለማዋረድ ነበር። ዕንባው በጢሙ ሲወርድ አልጠረገውም፤ ሹፌሩም ሳቁን ዋጠ።

“ወንድሜ ነው” አለ ጆሮው።

ሹፌሩ ይቅርታውን ሲያዥጎደጉድ፣ ሰንጢውን ይውሰዱት፣ ገንዘቡንም ልክፈል ሲል፣ ሽማግሌው እጁን አንሥቶ አስቆመው። ክፍያው ለሠራው ሰው ነው፤ ለእሱ ክፈል ብሎ ሰንጢውን መለሰለት። ከዚያ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመና ለተራው ሰው፣ ከዚህ እስከዚያ ጫፍ እንዲሰማ አድርጎ፣ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በወንድሜ ሥራ ላይ የፈረድኩት ስሕተት ነበር አለ። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ያኔ ገና ተራውን አያውቁትም ነበር። ምን እንደሚያወራ እንኳ አልገባቸውም፤ አንዱ ብቻ ከሩቅ “ይሁን አባቴ” አለው።

በማግስቱ ማለዳ፣ በስተርጅናው ሩቅ መንገድ ተሳፍሮ የማያውቀው ሰውዬ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዞር ብሎ አየው።

“ጋሼ፣ ወንድምዎ ባያናግሩዎትስ?”

“ላያናግረኝ ይችላል” አለ። “ሲሠራ ከሚሰማኝ ቦታ እቀመጣለሁ። እስከ ዛሬ ይህንንስ መች አገኘሁ?”