ያልተነገራት መርዶ

ቡሬ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ሆዷን ታማ መጣች። ሁለቴ የትል መድኃኒት ሰጥተን ሸኘናት። በሦስተኛው ምርመራው ምንም አላሳየም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ያመጣቻትን አክስቷን "ከቤት ማን ጎደለ?" አልኳት።

አክስትየዋ ልጅቷን ወደ ውጭ ላከቻት።

"እናቷ ካረፈች አምስት ወር ሆናት፣ ሲስተር። ለሕክምና ባሕር ዳር ሄዳለች ብለናታል። ይኸው በየቀኑ አስፋልት ዳር ወጥታ አውቶቡስ ትጠብቃለች።"

"ለምን አትነግሯትም?"

"ኧረ በስመአብ! ለልጅ መርዶ ይነገራል እንዴ? ልቧ ይሰበራል እኮ።"

ደሜ ፈላ። ይህን ውሸት አውቀዋለሁ። ፍኖተ ሰላም፣ በሰባት ዓመቴ፣ እኔንም "እናትሽ ጠበል ሄዳለች" ብለውኛል። መሞቷን የሰማሁት ከአንዲት የሰፈር ልጅ ነው፤ ያውም ተጣልተን ስትሰድበኝ። ያኔ ለቅሶው አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ነበር። ማን ፊት ላልቅስ? ዋጥኩት።

ቤቷ ሄጄ እንዲነግሯት አደርጋለሁ ስል ባልደረቦቼ "ነርስ ነሽ ወይስ ሽማግሌ?" እያሉ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ። የጤና መኮንናችን ግን አልሳቀም። "ለዚህ የሚሆን ክኒን የለንም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷ ቤት ሄድን። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ተቆጡ።

"ልጄ፣ ይህ ያገራችን ወግ አይደለም።"

"አባ፣ ሰው ሰብስቦ ሐዘንተኛን ማርዳት ወግ አይደለም? ወይስ እሷ ከሰው አትቆጠርም?"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። አባ ጎረቤት እንዲጠራ አዘዙ። ሰው ሲሞላ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው ራሳቸው ነገሯት።

አላለቀሰችም። ዙሪያዋን የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አየች።

"ሁላችሁም አልቅሳችኋል?"

"አዎ፣ ልጄ" አሉ አባ።

"እኔ ብቻ ነኝ ያላለቀስኩላት?"

አባ ከመደቡ ወርደው መሬት ተቀመጡ። "በድለንሻል። ለቅሶው ዛሬ ነው" አሉ። አክስትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጮኸች፤ እሷም ከልጅቷ ተደብቃ በየጓዳው ስታለቅስ ነበር የከረመችው። ልጅቷም ተከተለቻት። አንዲት ጎረቤት የልጅቷን አፍ ልትይዝ ስትነሣ እጇን ያዝኳት።

"ይተዋት፣ ታልቅስ!"

ከዚያ በኋላ እኔም መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ። የእናቴን ለቅሶ የደረስኩት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሰው ግቢ ነው።