ከጁባ አየር ማረፊያ መውጫ፦ አራት ገጽ መምሪያ

ሐሙስ ጠዋት ጁባ ካለው ሰፈራችን ከሃይ ማላካል የተነሳሁት አንድ ነገር ለማጣራት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ለጉባኤ የሚመጡ የቤተ ክርስቲያናችን እንግዶች ከአየር ማረፊያው እንዴት ወጥተው እኛ ጋ እንደሚደርሱ የሚያስረዳ አራት ገጽ መምሪያ ጽፌአለሁ። እሑድ በስሜ ይታተማል። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፤ ስሜ ታትሞ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንዲት ስሕተት እንዳይገኝበት መንገዱን ራሴ ልሄድበት ወሰንኩ።

የቦዳቦዳ ሞተረኛውን "ካም?" ብዬ ዋጋ ጠየቅኩት።

"አምስት ሺህ።"

"ጋሊ! ውድ ነው" ብዬ ፊቴን ሳዞር በአራት ሺህ ፓውንድ ተስማማን።

ሦስት ሰዓት

አስፋልቱ ደህና ነው፤ የሚያንገጫግጨው የውሃ ቦቴዎች የሚዞሩበት ጋ ብቻ ነው። ሞተረኛው በአየር ማረፊያው አጥር በር አወረደኝ። ከበሩ እስከ መንገደኞች አዳራሹ ያለውን እርምጃ ቆጠርኩ። የመኪና ማቆሚያው እየተሠራ ስለሆነ ጠጠር ተከምሯል። በመምሪያዬ "ከአዳራሹ ስትወጡ በስተቀኝ ባለው በር ሂዱ፤ ቦዳቦዳ አለ" ብያለሁ። ልክ ነው፤ ምልክት አደረግኩበት።

መውጫው ጋ ግን አንዲት ረጅም ሴት በጃንጥላ ጥላ ሥር ሲም ካርድ ትሸጣለች። ሐበሻው ሁሉ ከቧታል።

"ሻንጣውን አስቀምጪው፣ አይሮጥብሽም! ወደ ካስተም ሰፈር ነሽ? ታክሲ ያዢ። እናንተ ወደ ጁባ ና ባሪ ሰፈር ናችሁ? አንድ ታክሲ ተጋሩ!"

ወረቀት የላትም። አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ቀናሁባት። እኔ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን እሷ እየሳቀች ትሠራዋለች።

ሁለት ሻንጣ የምትጎትት ሴት ስትወጣ ቀድሜ ተጠጋኋት። "በስተቀኝ ሂጂ" አልኩና ገጹን አሳየኋት።

"እትዬ፣ እዚያ እኮ..." አለች ባለ ሲም ካርዷ።

"ተጽፏል!" አልኳት።

ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ በላብ ተጠምቃ ተመለሰች። ያ በር ለመግቢያ ብቻ ነው፤ ጥበቃው መልሷታል። እኔ መንገዱን ያጣራሁት ስገባ ነው፤ እንግዶቹ ግን የሚሄዱበት ሲወጡ ነው።

"እትዬ፣ ወረቀትሽ መግባት ብቻ ነው የሚያውቀው!" ብላ ባለ ሲም ካርዷ ሳቀች። ሴትዮዋን በግራ በኩል ላከቻት፤ ለእኔ ደግሞ ውሃ ሰጠችኝ።

"ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?"

"ጋምቤላ በስደተኛ ካምፕ ነው ያደግኩት። ግራ የገባው ሰው ፊት አይጠፋኝም።"

"ስምሽ?"

"ኒያቦል። ምን ሊያደርግልሽ?"

ወረቀቴን አጥፌ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

"በስተቀኝ" የሚለውን ሰርዤ "በስተግራ" አልኩ። እዚያ ላይ ብተወው ማን እንዳረመኝ ማንም አያውቅም ነበር። እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሳሁ። ካነበበ ሰው በላይ የሚያውቅ መኖሩን ከዚህ ጉዞ ተማርኩ፤ መማሩ ግን ቅናቱን አላበረደልኝም።

"መውጫውን ያሳየችን ኒያቦል ናት" ብዬ ጻፍኩ። ስሟ ከስሜ በላይ መሆኑ አንገበገበኝ። ከስሜ በታች ግን ቦታ አልነበረም።