የበግ አንጀት ያሰርኩበት ጊታር

ልጅ እያለሁ ጊታር ማለት ለእኔ አንድ ብቻ ነበር፤ አስተማሪያችን ወደ ደሴ ስትዛወር የሰጠችኝ አሮጌው። አንገቱ ሰፊ፣ ክሮቹ ናይለን፣ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ክላሲካል እንደሚባል እንኳ አላውቅም ነበር። ቀዳዳው ላይ አፍንጫዬን ደቅኜ የደረቀ እንጨት ሽታውን እስብ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ መካነ ሰላም ላይ በገና ሲደረድሩ ያልሰማ የለም። በጾም ከቤታችን የሚሰማውም እሱ ብቻ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ "ይሄ የዘፈን ዕቃ በጾም ድምፁ ከተሰማ ለሰጠችሽ ይመለስላታል" አሉኝ።

አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። የእሳቸውም በገና እንጨት ነው፤ ልዩነቱ አውታሩ የበግ አንጀት መሆኑ ነው። እንግዲያው ጊታሩም አንጀት ቢታሰርበት ይጾማል ማለት ነው! አባቴ ፈትለው አድርቀው ካስቀመጡት መዝዤ፣ ናይለኑን አውጥቼ አሰርኩበት። ተደብቄም አልተጫወትኩ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ በራፍ ላይ ተቀምጬ እየመታሁ ጠበቅኳቸው።

"ምንድን ነው ያሰርሽበት?"

"የበግ አንጀት ነው አባዬ። እንግዲህ በገና ሆኗል፤ ይጾማል።"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። "አብሽሩ መሪጌታ፣ ልጅቱ ሕግ አላፈረሰች" አለች።

"ተኩላ የበግ ለምድ ይለብሳል ሲባል አውቃለሁ" አሉ አባቴ። "ይሄኛው አንጀቱንም ወሰደው!"

"ተኩላም ቢሆን የኔ ነው" አልኩ።

አባቴ አጠገቤ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጊታሩን ተቀብለው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው መቃኛውን ያጠባብቁ ጀመር። "ከጮኸ አይቀር ተቃኝቶ ይጩህ" ብለው መለሱልኝ። ጎረቤቱ "የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች" እያለ ሲያማ ፋሲካ ደረሰ።

ዛሬ ለልጆች ጊታር አስተምራለሁ። ሆደ ሰፊውና ክሩ ብረት የሆነው ጊታር ድምፁ ደማቅ ነው፤ ባለ አሥራ ሁለት ክሩ ደግሞ ብቻውን ሁለት ጊታር ያህላል። ክላሲካሉ ላይ ግን ብረት እንዳታስሩ፣ ክር መያዣውን ነቅሎ ይጥለዋል እላቸዋለሁ። ናይለን ሳይመጣ የክላሲካል ጊታር ክር አንጀት እንደነበር ካወቅሁ ወዲህማ ማንም አይችለኝም። አልተሳሳትኩም ነበር!

የዘንድሮ ልጆች ጊታራቸውን የሚቀማ አባት የላቸውም፤ ደስ ይለኛል። የሚቃኝላቸው ግን ስልካቸው ነው። እኔ የአባቴ ጆሮ ይናፍቀኛል፤ እሳቸው የሉም። ሁዳዴ ሲገባ ዛሬም ናይለኑን አውጥቼ አንጀት አስራለሁ፤ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ እጫወታለሁ። ሊያማኝ የፈለገ ይማኝ፤ ተኩላም ቢሆን የኔ ነው።