ባዶ ኮርቻ ይዤ ወደ ዳንግላ

ጥር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ

ገና አልነጋም። የጫማ ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መስኮት ጥግ ይዣለሁ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ እንስቀለው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ካርቶኑ ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሚሆን ፈረስ አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ቡሬ የሚሄዱ እናት ገልጬ ሳየው አይተው ለልጅሽ ነው ወይ አሉኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። ለእህቴ ልጅ ነው ብዬ ዋሸሁ፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። የምኖረው ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እየሣልኩ ነው፤ የሚተርፈኝ ግን አሻንጉሊት ላይ ያልቃል። ሕፃናት የሚጫወቱበትን ማለቴ አይደለም፤ ሠዓሊዎች ራሳቸው ቀርጸው ጥቂት ብቻ የሚያወጡትን፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ዓይኑ ነገረኛ የሆነውን ነው። መደርደሪያዬ ላይ የጃፓኑም የሆንግ ኮንጉም ተሰልፏል። ውጭ አገር የሚሄደውን ዘመድ ሁሉ አምጡልኝ እያልኩ አሰልችቻለሁ። እናቴ "መቼ ነው የምታድጊው?" ማለቷን ከተወች ቆየች፤ አሁን አቧራቸውን የምታራግፍልኝ እሷ ናት። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት የወደድኩት ሠዓሊ ግን ያለው ዳንግላ ነው። አባቴ እዚያ አስተማሪ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጋሪ ኋላ እሮጥ ነበር። የጋሪዎቹ ጀርባ ላይ አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ የሚያይ ቀይ ፈረስ ተሥሎ ነበር፤ የሚያየው እኔን ይመስለኝ ነበር። የሣሉት አያ ፈንታ ናቸው። ካርቶን ውስጥ ያለውም የእሳቸው ፈረስ ነው፤ እኔ በጭቃ ቀርጬ፣ ሬዚን በሚባል ፈስሶ በሚደርቅ ፕላስቲክ አወጣሁት እንጂ። አሥር አድርጌ ላባዛው አስቤያለሁ፤ እሳቸው "ይሁን" ሳይሉ ግን አንድም አልጨምርም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። እምቢ ካሉ የሁለት ዓመት ሥራዬ እዚሁ ካርቶን ውስጥ ይቀራል።

10 ሰዓት፣ እንጅባራ

ከቡሬ ወዲህ አየሩ ሌላ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ለከሰል የተተከለ ግራር፣ አፋቸው በቅጠል የታሰረ የከሰል ጆንያዎች፣ ባና የደረቡ ሽማግሌዎች። ዘንገና ሐይቅ በስተጎን ብልጭ ብሎ ጠፋ። አልጋ በሰማንያ ብር ያዝኩ፤ ረቡዕ ስለሆነ እራቴ ድንች ወጥ ነው፣ ሚጥሚጣው እንባ ያስወጣል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ነገ አስተርእዮ ማርያም መሆኑን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ቀን ስቆጥር ሥራ የማይሠራበትን በዓል ረስቼዋለሁ።

ጥር 21፣ ረፋድ 3 ሰዓት፣ ዳንግላ

ሚኒባሱ መናኸሪያ አወረደኝ። ገና መሬት ሳልረግጥ ዓይኔ የሄደው ወደ ጋሪዎቹ ጀርባ ነው። የእግር ኳስ ክለብ ስቲከር፣ የዘፋኝ ፎቶ፣ የአንበሳ ስቲከር። ቀይ ፈረስ የለም። አንዱን ባለጋሪ ስጠይቀው ስቲከር ርካሽ ነው፣ ዝናብም አያጥበውም አለኝ። አያ ፈንታን ግን ያውቃቸዋል፤ በአምስት ብር ደጃቸው ድረስ ወስዶኝ፣ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠብቂ ብሎ ሄደ። ባለቤታቸው ወንበር አወጡልኝ።

6 ሰዓት ሲሆን መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። የአስተማሪው ልጅ መሆኔን ስነግራቸው አባቴን በስሙ ጠርተው ደኅንነቱን ጠየቁኝ። ከዚያ ፈረሱን ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት። አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ፈገግ አሉ፤ አውቀውታል። ኮርቻው ላይ ሲደርሱ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ሰውየው የት አለ?" አሉኝ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ባለቤቱ።"

በእሳቸው ሥዕል ላይ ኮርቻ የለም፤ የጋሪ ፈረስ ነው። እኔ ግን ያምራል ብዬ፣ ከፈረሰኞች ፎቶ እያየሁ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ቀዩን ዘርፍ ሁሉ ጫንኩበት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት እኔን ነው።

"ተሸልሞ ሰው የሌለበት ፈረስ የለቅሶ ፈረስ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የወንድሜን ፈረስ እንዲህ ጭኜ ከሬሳው ኋላ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ይኼን አታብዢው፣ ልጄ።"

አፈርኩ። እንባዬ መጣ። ኮርቻውን ልፋቀው ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከባለቤታቸው ጋር በአዊኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ አልገባኝም። ኮርቻው ደኅና ነው፣ የጎደለው ሰው ነው፤ እሱን እኔ እቀርጸዋለሁ አሉኝ። ግን ዛሬ ማርያም ናት፤ ቢላ አይነኩም። ባለቤታቸው ይኼኔ አልጋ እያነጠፉልኝ ነበር። ማንም እደሪ ብሎ አልለመነኝም፤ ማደሬ የታወቀ ነገር ነበር። ማታ በእሳት ዳር ከጋሪ ኋላ ስሮጥ የኖርኩትን ሁሉ አጫወትኳቸው፤ ሳቁብኝ።

ጥር 22፣ ጠዋት፣ ዳንግላ

አያ ፈንታ የዋንዛ እንጨት ቁራጭና ትንሽ ቢላ ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ልይ ብዬ ብጠጋ አባረሩኝ፤ የሚሠራ ሰው ትከሻ ላይ አይቆምም አሉ። ከባለቤታቸው ጋር ጎመን ቀነጠስኩ። 5 ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

ጀግና ፈረሰኛ ነበር የጠበቅሁት፣ አለንጋ የያዘ፣ ባና የደረበ። ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው ግን ሁለት ሹሩባ ያላት፣ የደብተር ቦርሳ ያነገተች ልጅ ናት። አንገቷን አዙራ እንደ ፈረሱ ወደ ኋላ ታያለች። ኮርቻው ላይ ልክ ገባች፤ ሙጫ እንኳ አላስፈለጋትም።

"ያን ሁሉ ዘመን ስትሮጪ ነይ ጋሪው ላይ ውጪ ያለሽ የለም" አሉ አያ ፈንታ። "አሁን ተቀመጪበት። አሁን ይሁን።"

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከሚባዙት የመጀመሪያው ወደዚያ ግቢ ይመለሳል።

ጥር 23፣ ንጋት፣ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞልቷል። ፈረሱን ካርቶን ውስጥ አልከተትኩትም፤ ጭኔ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ጥቂት አየውና ለልጅሽ ነው ወይ አለኝ።

"የኔ ነው" አልኩት። "ላዩ ላይ የተቀመጠችውም እኔ ነኝ።"