የረቡዕ ማታዋ በቅሎ

እኔ ልጅ በነበርኩበት፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቴሌቪዥን ቀን ቀን አይሠራም ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምርና ሰው እራቱን በልቶ ሳይተኛ ያበቃል። ጣቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። በእኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ባላቸው የጦር መኮንን ስለነበሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ግዛት ነው የሚኖሩት፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ብቻቸውን ማየት አይሆንላቸውምና ሳሎናቸውን ለሰፈሩ ልጅ ከፍተውት ነበር። ልጆቹ ጭቃ የነካውን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ግን ከነሱ ጋር አልነበርንም።

አባባ አይፈቅድም። አባባ ከከፋ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ገበያው አጠገብ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ልብሳችን፣ ደብተራችን፣ ፀጉራችን ሳይቀር ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ረፍት ሲቃረብ ወደ እኔ ዘንበል እያለች፣ አንቺን ሳሸትት ይርበኛል ትለኝ ነበር።

ቤታችን የወንጌል አማኞች ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ ጥቂት ጎረቤቶችና የአባባ የንግድ ወዳጆች እኛ ጋ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ያኔ እንዲህ ያለ ስብሰባ አይፈቀድም፤ ፖሊስ ከደረሰበት ሰው ይታሰራል። ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መዝሙሩም በለሆሳስ ይዘመራል። ትልልቆቹ ሰዎች ድምፃቸውን አፍነው ሲዘምሩ ክፍሉ ውስጥ ንብ ያለ ይመስላል። እኛ ልጆች ስለ ቅዳሜ ማታ ለማንም ትንፍሽ እንዳንል በደንብ ተነግሮናል። እንዲህ ተጠንቅቆ ለሚኖር ሰው ቴሌቪዥን የሚታመን ነገር አልነበረም። አባባ፣ እኔ ያላየሁት ነገር ልጆቼ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም ይል ነበር፤ እሱ ደግሞ ለማየት አይሄድም።

የሚገርመው፣ የእናቴ ታናሽ እህት አስካለ የምትሠራው እዚያው ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። እኛ እቴቴ እንላታለን። የአባባን እምነት አልተከተለችም፤ እንደ ወላጆቿ በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትመለስ ሰው ናት። ቁመቷ አጭር፣ አረማመዷ ፈጣን፣ ስታወራ እጇ አብሮ የሚያወራ። እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ትመጣና አባባ በትዕግሥት እየሰማ፣ እናቴ እየሳቀች፣ ስለ መሥሪያ ቤቷ ታወራለች።

መጀመሪያ የተቀጠረችው ጽሕፈት መኪና ለመምታት ነበር። በኋላ ግን ከውጭ አገር የሚመጡትን ፊልሞች እያየች የሚያስፈልገውን እንድትለይ ሌላ ክፍል አዛወሯት። ፊልም ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ሣጥኑ ውስጥ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እቴቴ እንደነገረችን፣ ፊልሙ በክብ ቆርቆሮ ታሽጎ በአውሮፕላን ይመጣል። ሻጮቹ በመጀመሪያ ለናሙና አንዱን ይልካሉ። ጣቢያው አይቶ ከወደደው ይከራየዋል፤ ካልወደደው ያሽግና ይመልሳል። የተከራየውም ቢሆን የዘላለም አይደለም፤ የተስማሙበትን ያህል ካሳየ በኋላ ወደ ላኪው ይመለሳል። ኤምባሲዎች ደግሞ በነፃ የሚሰጡት አለ፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የግድብና የትራክተር ፊልም ነው ትላለች። ካርቱን የሚፈለገው አጭር ስለሆነ ነበር። የውጭው ፕሮግራም የተሠራው በነሱ ሰዓት ልክ ስለሆነ እኛ ጋ ሲታይ በመሐል ክፍተት ይቀራል፤ ያንን ክፍተት የሚሞላ ነገር ይፈለጋል።

አንድ ሳምንት ሁለት ካርቱኖች አብረው መጡ። አንደኛው ከኤምባሲ በነፃ የተገኘ፣ እንስሳቱ በእንግሊዝኛ የሚያወሩበት ነው። ሁለተኛው ከሩቅ አገር የመጣ፣ አንድም ቃል የማይነገርበት፣ ስለ አንድ ነጋዴና ስለ በቅሎው ነው። እቴቴ ይኼኛውን ወደደችው፤ ልጁ ቋንቋውን ሳያውቅ ይገባዋል ብላ ተከራከረች። አለቃዋ ግን በነፃ የተሰጠው ይበቃናል አሉ። እሷ አልለቅ ስትላቸው፣ እንግዲያው ልጆች አምጪና አሳዪኝ፤ ከሳቁ በቅሎዋን እንከራያለን፣ ካልሳቁ ግን አንቺም ወደ ጽሕፈት መኪናሽ ትመለሻለሽ አሏት። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ እቴቴ ግን ቀልድ አለመሆኑን አውቃለች።

አንድ የሥራ ቀን ምሽት ላይ፣ አባባ ሱቁን እየዘጋ ሳለ መጣች። እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እንሰማለን።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ለአንድ ከሰዓት ብቻ ይስጡኝ» አለችው።

አባባ የማሩን እንስራ እየከደነ ምክንያቱን ጠየቃት። ሁሉንም ነገረችው፤ ጽሕፈት መኪናውንም አልደበቀችም። ብዙ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እንቢ ሊል ነው ማለት ስለነበር ተስፋዬ ከአሁኑ ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ።

«እኔም አብሬ እመጣለሁ» አለ አባባ በመጨረሻ። «አይቼው ክፉ ከሆነ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ፤ በዚህ እንዳትቀየሚኝ።»

በቀጠሮው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኮምቢ ኮልፌ ድረስ መጣች። እቴቴ ከእኛ ሌላ የእትዬ ዘነበችን ሳሎን ከሚያሟሙቁት ልጆች የተወሰኑትን ሰብስባ ነበር። እናቶቻችን ግን ነገሩን አበላሽተውታል። ጉልበታችንን እስኪቀላ ፈትገው፣ ፊታችንን ቫዝሊን ቀብተው፣ የምትሄዱት ትልልቅ ሰዎች ፊት ነውና ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አፋችሁን አትክፈቱ፣ አታሰድቡን ብለው መክረው ላኩን። አባባ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። የኮቱ ኮረሪማ መኪናውን ሞላው።

ያስገቡን ክፍል ጠባብና መጋረጃው የተዘጋ ነበር፤ የጋለ አቧራና የወለል ሰም ይሸታል። ከኋላችን ማሽኑ ቆሟል፤ ከፊታችን ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል። የእቴቴ አለቃ ከረባት ያሰሩ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ልጆች፣ እንደ ቤታችሁ ሁኑ አሉን። እኛ ግን ይባስ ብለን ተገተርን።

መጀመሪያ በነፃ የመጣው ታየ። አንድ ጥንቸልና አንድ ዳክዬ እንግሊዝኛ እየተነጋገሩ ይጣላሉ። ማናችንም አልሳቅንም፤ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ በቅሎዋ መጣች። ነጋዴው ሸክሙን ይቆልላል፣ በቅሎዋ ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋ ታየዋለች። በውስጤ ሳቁ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ ተስፋዬም አፉን በሁለት እጁ አፍኗል። ነገር ግን እናቶቻችን ያሉት አለ። በቅሎዋ ነጋዴውን ጭቃ ውስጥ ስትጥለው እንኳ የተሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። እቴቴን ዞሬ አየኋት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሁልጊዜ የሚያወራው እጇ ዝም ብሎ ቀሚሷን ጨብጧል። ሳቂ ልትለኝ አትችልም፤ እኔም መጀመሪያ ለመሳቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ከዚያ ነጋዴው እንደገና መጫን ጀመረ። መጫኛውን በሆዷ ዙሪያ አዙሮ ሊያጠብቅ ሲል በቅሎዋ ትንፋሽ ስባ ሆዷን እንደ ከበሮ ነፋችው። እሱ እግሩን ጎኗ ላይ አስደግፎ ጎትቶ አሰረ፤ ላቡን ጠርጎ ጉዞ ጀመረ። ይህን ጊዜ በቅሎዋ ትንፋሿን ለቀቀች። ሆዷ ሟሸሸ፤ ሸክሙ በሙሉ ዞሮ ከሆዷ ሥር ተንጠለጠለ።

ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። አባባ ነው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እየመታ፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ ይስቃል። አባባ ሲስቅ አላውቅም አልልም፤ ቤት ውስጥ ፈገግ ይላል። እንዲህ ሲስቅ ግን አይቼው አላውቅም።

«ይቺን በቅሎ አውቃታለሁ» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ከቦንጋ ጅማ ድረስ እንዲህ አድርጋኛለች።»

ከዚህ በኋላ ማን ይችለናል? ተስፋዬ እጁን ከአፉ ላይ ሲያነሳ ታፍኖ የቆየው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ወለሉ ላይ የተንከባለለም ነበር። አለቃው ፊልሙን ትተው አባባን ማየት ጀመሩ፤ ቆይተው እሳቸውም ከረባታቸውን ይዘው መሳቅ ያዙ። መብራት ሲበራ ለእቴቴ፣ ልጅ አምጪ ብልሽ ሽማግሌ አምጥተሽ አሸነፍሽኝ አሏት። በቅሎዋ ቀረችልን።

እዚያው ቆመው መቼ ትታይ የሚለውን አነሡ። አለቃው ቅዳሜ ማታ ይሻላል አሉ፤ በማግስቱ ትምህርት የለም፣ ልጁ ሁሉ ቤት ነው። አባባን አየሁት። የሳቁ እንባ ገና ጉንጩ ላይ ነው፤ ዓይኑ ግን ወለሉን ማየት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ እኛ የት እንደምንሆን እዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው እሱ፣ እኔ፣ ተስፋዬና እቴቴ ብቻ ነን። አባባ ሊናገረው የሚችለው ነገር አይደለም።

«ረቡዕ ይሁን፣ ጌታዬ» አለች እቴቴ። «ቅዳሜ ማታ አባቶች ቤት ስለሚያመሹ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቦታ አያገኝም። ረቡዕ ከዜናው በፊት ግን ሰዓቱ የልጅ ነው።»

አለቃው ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። አባባ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ሳምንቱ ሳያልቅም ከሱቁ ምርጡን ነጭ ማር በእናቴ እጅ ላከላት።

እነዚያን ረቡዖች እስካሁን አልረሳኋቸውም። አባባ ሱቁን በጊዜ ይዘጋና ተስፋዬን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ እትዬ ዘነበች ቤት ይወስደናል። ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቷል፤ ገበያው አጠገብ የሚሠሩት የቆርቆሮ ሠሪዎች መዶሻ እንኳ ቀደም ብሎ ዝም ይላል። ሳሎኑ በልጅ ይሞላል፤ የእርጥብ ካልሲና የቆሎ ሽታ ይሸታል። እትዬ ዘነበች ለአባባ ወንበር ያመጡለታል፤ እሱም ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በቅሎዋ ሆዷን የምትነፋበት ቦታ ሊደርስ ሲል ልጆቹ ፊልሙን ትተው ወደ አባባ ይዞራሉ። እሱ ሲስቅ ለማየት ነው።

ፊልሙ የተፈቀደለትን ያህል ከታየ በኋላ ታሽጎ ሄደ። ተስፋዬ አለቀሰ። አባባ ደግሞ በቅሎዋ አሁን ወዴት እንደሄደች እቴቴን በቁም ነገር ጠየቃት። ወደ ላኪው፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ልጆች እንደምትሄድ ነገረችው።

«ታዲያ መንገደኛ ናት ማለት ነው» አለ። «ደኅና ትግባ።»

በቀጣዩ ረቡዕ ሌላ ካርቱን መጣ፤ ከሱ በኋላም ሌላ። እቴቴ ጽሕፈት መኪናው ጋ አልተመለሰችም። መንግሥት ተለውጦ፣ ሰው ተለዋውጦ፣ አለቃውም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደው እሷ እዚያው ፊልም እየመረጠች አረጀች። ጡረታ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ካርቱኑን ረቡዕ ያየው በእኛ ሳሎን ጸሎት ምክንያት መሆኑን አስታውሼ አመሰገንኳት። እሷ ግን እየሳቀች፣ ለአለቃዋ ያለችውም ውሸት እንዳልነበረ ነገረችኝ። አባቶች ቅዳሜ እውነትም ቴሌቪዥኑን አይለቁም ነበር።

አሁን የምኖረው አየር ጤና ነው። የልጄ ልጅ ካርቱን ማየት ስትፈልግ ስልኳን ትነካለች፤ ጠዋትም፣ ምግብ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም። ከየት መጣ፣ ማን መረጠው፣ መቼ ይመለሳል ብላ አትጠይቅም፤ የሚመለስም የለም። የእኛ ጊዜ ይሻል ነበር ብዬ አልከራከራትም። የእኛ ጸሎትም ዛሬ መስኮት አያስዘጋም፤ እሑድ በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፅ እንዘምራለን፤ ይህን አባባ ሳያይ ማለፉ ብቻ ይቆጨኛል። ትናንት ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ያደረገችውን አንዱን ማዳመጫ አውልቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለችው። የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። እሷ ግን ስክሪኑን ትታ ፊቴን ታያለች፤ እስክስቅ እየጠበቀች ነው። ሳቅሁላት።